ሳንገዛው ንገሩን፦ ካራቫንና ተንቀሳቃሽ ቤት በግል ይዞታ ላይ ስለሚቆምበት ሕግ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሬት አጠቃቀም ሕግ አርቃቂዎች፣ ለፕላንና ለግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች፣ ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፤

በስሙ በተመዘገበ መሬት ላይ፣ በራሱ ገንዘብ የገዛውን ካራቫን (በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ ማደሪያ) ወይም ተንቀሳቃሽ ቤት ለማቆም ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ቁርጥ ያለውን መልስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ንብረቱን ገዝቶ፣ አጓጉዞና አቁሞ፣ ጎረቤት አቤት ብሎበት፣ የማስነሻ ማስጠንቀቂያ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ለመጠየቅ ነው። ሕጉ ዕቃው ጎማ አለው ወይስ የለውም ከሚለው ክርክር ወጥቶ፣ ሰው በውስጡ እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚኖርበት ይመዝን፤ መልሱም ከግዢ በፊት፣ በጽሑፍ፣ ኋላ ጽሕፈት ቤቱን ራሱን በሚያስገድድ መልክ ይሰጥ ነው የምለው።

«መሬቱ የእኔ ነው፤ ማን ያገባዋል?» የሚለው ሙግት ሩቅ እንደማያስኬድ አውቃለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ መነሻም እሱ አይደለም። ባለቤትነት መሬቱን ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለማውረስ መብት ይሰጣል፤ በመሬቱ ላይ የሚከናወነው ነገር ግን በፕላን ሕግ የሚመራው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ፍሳሽ አጥር አያግደውም፣ እሳትም የይዞታ ወሰን አይጠይቅም። በአንድ ግቢ ጥግ የቆመ ካራቫን ማንንም ላይጎዳ ይችላል፤ የውኃ መስመርና የፍሳሽ ማስወገጃ በሌለበት ማሳ ላይ የተደረደሩ ሃያ ካራቫኖች ግን ማንም ያላቀደው ሰፈር ናቸው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይነሳ አልልም። ቁጥጥሩ አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁን ነው የምለው።

ችግሩ የሚጀምረው ከትርጓሜው ነው። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1960 በወጣው የካራቫን ሥፍራዎችና የልማት ቁጥጥር ሕግ ካራቫንን የሚተረጉመው ለሰው መኖሪያ እንዲሆን የተሠራ ወይም የተለወጠ፣ በመጎተት ወይም በተሽከርካሪ ላይ በመጫን ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችል አካል አድርጎ ነው፤ ለመኖሪያነት የተሠራ የሞተር ተሽከርካሪም በዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ድንኳንና በሐዲድ ላይ ያለ የባቡር ፉርጎ ግን አይገቡም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከሁለት ባልበለጡ ክፍሎች ተሠርቶ ቦታው ላይ በብሎን ወይም በመሰል ማያያዣ የሚገጣጠመውንም ቤት ከካራቫን ቆጠረው። እንግሊዝ ውስጥ በ2006 በተሻሻለው ልኬት የዚህ ባለ ሁለት ክፍል ካራቫን ርዝመት እስከ 20 ሜትር፣ ወርዱ እስከ 6.8 ሜትር፣ የውስጥ ከፍታው እስከ 3.05 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ያባዛ ሰው 136 ካሬ ሜትር ያገኛል። ብዙ ቤተሰብ በድንጋይና በጡብ ሠርቶ ከሚኖርበት ቤት የሚሰፋ ነገር፣ ተገጣጥሞ ካበቃ በኋላ በመንገድ ሊጓጓዝ እስከቻለ ድረስ፣ የራሱ ጎማ ባይኖረውም እንኳ በሕግ ፊት ካራቫን ነው ማለት ነው።

የፈረንሳይ የከተማ ፕላን ሕግ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። እዚያ ካራቫን በካራቫንነቱ የሚቆየው ለጊዜያዊ ወይም ለወቅታዊ የመዝናኛ ቆይታ የሚያገለግል፣ የመንቀሳቀሻ አካሉን ዘወትር እንደያዘ የሚገኝና የትራፊክ ሕጉ በመንገድ ላይ እንዳይጎተት ያልከለከለው ሲሆን ብቻ ነው፤ ጎማውን አውልቆ በብሎኬት ላይ ያስቀመጠው ባለቤት ያንን ጥበቃ ያጣል። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሕግና ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የግንባታና የደኅንነት ደረጃ መሠረት በፋብሪካ ተሠርቶ የሚጓጓዘው ቤት ቋሚ ሻሲ (ቤቱን የሚሸከም የብረት መሠረት) እንዲኖረው ግድ ነው። ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ይህ የፌዴራል ደረጃ ሲሆን፣ የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን የየአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው። ደረጃውን ያሟላ ቤት የገዛ ሰው የሚያቆምበት ቦታ ሲያጣ «ሕጋዊ አይደለም እንዴ?» ብሎ የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው። የኒውዚላንድ የ2004 የሕንፃ ሕግ ሁለት መለኪያዎችን አጣምሮ ያያል፤ ተሽከርካሪ ሕንፃ የሚሆነው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሲሆንና ሰዎች በቋሚነት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲኖሩበት ነው ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ የኒውዚላንዱ ሁለተኛ ግማሽ ነው፤ በውስጡ ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም ብሎ ይጠይቃልና። የመጀመሪያው ግማሽ ግን እንደሌሎቹ ሁሉ ሰውን ወደ ብልጠት ይገፋል። መለኪያው መንቀሳቀስ እስከሆነ ድረስ ሰዉ ጎማ አያወልቅም፤ ለዓመታት ከቦታው ያልተነቃነቀ ቤት ሥር የተነፈሰ ጎማ ያኖርና «ተንቀሳቃሽ ነው» ይላል። የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪም ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲቆጥር ይውላል እንጂ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ አይጠይቅም።

የአጠቃቀም መለኪያ ሊሠራ እንደሚችል የእንግሊዝ ልምድ ያሳያል፣ ጉድለቱንም ጭምር። በ1990 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ «ልማት» የሚላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የግንባታ ሥራ ሲሆን ሌላው በመሬቱ ወይም በሕንፃው አገልግሎት ላይ የሚደረግ መሠረታዊ ለውጥ ነው። በተለመደው አሠራር ካራቫን ማቆም ግንባታ አይባልም፤ ይሁንና ስፋቱ፣ የሚቆይበት ጊዜና ከመሬቱ ጋር የተያያዘበት ሁኔታ ተዳምረው ሕንፃ ሊያሰኙት ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አገልግሎቱ ተለውጧል ወይ የሚለው ይሆናል። በመኖሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ የቆመ ካራቫን የዋናው ቤት ኑሮ ተቀጥላ እስከሆነ ድረስ፣ ማለትም እንግዳ የሚያድርበት፣ ልጅ የሚያጠናበት ወይም ለጉዞ እስኪፈለግ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የአገልግሎት ለውጥ የለም። ራሱን የቻለ መኖሪያ ሲሆን ግን የፕላን ፈቃድ ይጠይቃል።

በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የት ላይ ነው? በልጃቸው ግቢ በቆመ ካራቫን ውስጥ የሚያድሩ አንዲት አዛውንት እናት እንውሰድ። ማዕዳቸው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ ልብሳቸው በዋናው ቤት ይታጠባል፤ መግቢያቸው የጋራው በር ነው፤ መብራታቸው ከዋናው ቤት ቆጣሪ የተሳበ ነው። ካራቫኑ ውስጥ ምድጃና መታጠቢያ መኖሩ ብቻውን የእኚህን እናት ማደሪያ የተለየ ቤት አያደርገውም። ያው ካራቫን፣ በዚያው ቦታ፣ አንዲት ብሎን ሳትነካ፣ ከቤተሰቡ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ተከራይ ሲሰጥ፣ ለብቻው በር ሲወጣለትና ለብቻው ቆጣሪ ሲገባለት ግን ሁለተኛ ቤት ሆኗል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ይህ ፍትሐዊ መለኪያ ይመስለኛል፤ ድክመቱ ግን ከሁለቱ ጫፎች መሃል ያለውን ሁሉ ለባለሙያው ግምት መተዉ ነው። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ቢያበስሉስ? ከቤቱ ልጆች አንዱ ትዳር ይዞ ካራቫኑ ውስጥ ቢገባስ? እንዲህ ያሉት ሁኔታዎች ብርቅ አይደሉም፤ እንዲያውም ወደ መስኮታችሁ የሚመጣው ባለጉዳይ በአብዛኛው የሚጠይቃችሁ እነዚህን ይመስለኛል።

የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ግን ሊወሰድ የሚገባው ነው። ባለይዞታው ሊያደርግ ያሰበውን በዝርዝር ጽፎና ንድፉን አያይዞ፣ ይህ አጠቃቀም ሕጋዊ እንደሚሆን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል፤ የአካባቢው የፕላን ባለሥልጣንም በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፤ ካልወሰነ ወይም ከከለከለ ይግባኝ አለ። እዚህ ላይ የሚመረመረው አካባቢው ያምራል አያምርም፣ ጎረቤት ይወዳል አይወድም የሚለው ሳይሆን የሕግና የፍሬ ነገር ጥያቄ ብቻ ነው። ሰውየው ወረቀቱን ከያዘ በኋላ የጻፈውን እስከጠበቀ ድረስ ማንም ተቆጣጣሪ በሌላ ቀን ሌላ ቃል ይዞ አይመጣበትም። ይህ አሠራር በሌለበት አገር ሁሉ ቢጀመር ከብዙ አንቀጽ ማሻሻያ የበለጠ ይጠቅማል።

በሌላ በኩል እንግሊዝ ለአንዱ ነገር ሁለት ወረቀት ትጠይቃለች፤ የፕላን ፈቃድ ለብቻው፣ የካራቫን ሥፍራ ፈቃድ ለብቻው ነው። ሁለተኛው የሚሰጠው የመጀመሪያውን ለያዘ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡም ርቀት፣ ንጽሕናና የእሳት መከላከያን የሚመለከቱ ግዴታዎች ይገባሉ። ከፈቃዱ ነጻ የሚያደርጉ ዝርዝሮች አሉ፤ ዋጋቸው ደግሞ በቁጥር የተጻፉ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ አንድ መንገደኛ ካራቫኑን ይዞ ከሁለት ሌሊት ያልበለጠ ቢያድር፣ ሌላ ካራቫን በቦታው ከሌለና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ መሬቱ ለዚህ ያገለገለባቸው ቀናት ከ28 ካላለፉ፣ ፈቃድ አይጠየቅም። አምስት ኤከር (ሁለት ሄክታር ያህል) እና ከዚያ በላይ ስፋት ባለው ይዞታ ላይ ደግሞ እስከ ሦስት ካራቫን ለዚያው 28 ቀን ይፈቀዳል። ለወቅታዊ የእርሻና የደን ሠራተኞች ማደሪያ፣ በዚያው ቦታ ግንባታ ላይ ለተሠማሩ ሰዎች ማደሪያም ነጻ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሰብዓዊ ነው፤ ቤቱን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ግንባታው እስኪያልቅ የት ይደር?

ፈረንሳይ በቁጥር ረገድ ከዚህም ትቀላለች። ካራቫን በአንድ መሬት ላይ በዓመት ውስጥ ተከታታይም ሆነ የተቆራረጠ ከሦስት ወር በላይ ከቆመ አስቀድሞ ለማዘጋጃ ቤት ማሳወቅ ግድ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ግን ማስቀመጥ ይፈቀዳል፤ ይህ ፈቃድ የማስቀመጥ እንጂ እንደ ሌላ ቤት የመኖር አይደለም። ማንም ገበሬ ወይም ነጋዴ ይህን በአንድ ንባብ ይረዳዋል። «ሞቢል ሆም» ለሚሉት ትልቅ የመዝናኛ ቤት ግን ሕጉ ፊቱን ያጠቁራል፤ እንዲቆም የሚፈቀደው ለዚሁ በተከለሉ የመዝናኛ መንደሮች ውስጥ ነው እንጂ በግል መሬት ላይ፣ በገዛ ግቢም ቢሆን፣ አይደለም። በ2014 የወጣው የቤቶች ሕግ የአካባቢ ፕላኖች ለየት ባለ ሁኔታ ቋሚ መኖሪያ ለሚሆኑ ተነቃይ ቤቶች ትናንሽ ክልሎችን እንዲለዩ በር ከፍቷል፤ በሩ ጠባብ ቢሆንም ጥሩ ጅምር ነው። ጥቅል ክልከላው ግን ከባድ ነው እላለሁ፤ ፍሳሹ የተስተካከለ፣ ከጎረቤት የራቀ፣ ማንንም የማያውክ ቤት በስሙ ብቻ መከልከል ዓላማውን የሳተ ነው።

ስለ ይርጋም፣ ማለትም ባለሥልጣኑ እርምጃ ሊወስድ የሚችልበት ጊዜ ስለሚያልፍበት ደንብ፣ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በእንግሊዝ ያለፈቃድ ለተሠራ ግንባታና ሕንፃን ወደ አንድ መኖሪያ ቤት ለመለወጥ የማስከበሪያ ጊዜው አራት ዓመት፣ ለሌላው የአገልግሎት ለውጥ አሥር ዓመት ነበር። ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከዚያ በፊት የተጠናቀቁት በቀድሞው እንደተያዙ ሆነው፣ ለሁሉም አሥር ዓመት ሆኗል። መሬትን ካራቫን ወደሚቆምበት ሥፍራ መለወጥ ድሮም በአሥሩ ዓመት ሥር ነበር፤ «አራት ዓመት ዝም ካልክ ያልፋል» በሚል ምክር የታለሉ ግን ጥቂት አይመስሉኝም። ይርጋው መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው ዕድሜ ልኩን በስጋት መኖር የለበትም። የሚያሳስበኝ አሥር ዓመት ከዓይን የተሰወረው መብት ሲያገኝ፣ በመጀመሪያው ወር መጥቶ የጠየቀው ደግሞ ተከልክሎ መመለሱ ነው። ይህን ለማረም ቅጣት ማብዛት አያስፈልግም። ራሱ መጥቶ ያስመዘገበ ባለይዞታ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ እንዳይነሣ ዋስትና ቢሰጠው፣ መደበቅ ጥቅሙን ያጣል።

እስካሁን ያወራሁት ሌላ ቤት ስላላቸው ሰዎች ነው። ካራቫኑ ብቸኛ ቤታቸው የሆነ፣ ከነጭራሹም የአኗኗር ባህላቸው የሆነ ሰዎች ጉዳይ ይለያል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ቻፕማን በዩናይትድ ኪንግደም ላይ ባቀረቡት ክስ፣ በራሳቸው መሬት ላይ በካራቫን ለመኖር የፕላን ፈቃድ የተከለከሉትን እናት ጉዳይ አይቶ፣ በአሥር ድምፅ ለሰባት መብታቸው አልተጣሰም ብሏል፤ ይሁንና መንግሥታት የጂፕሲዎችን (በካራቫን መኖርና መዘዋወር ባህሉ የሆነ ማኅበረሰብ) አኗኗር የማገዝ ግዴታ እንዳለባቸው በዚያው ፍርድ ላይ አስፍሯል። በ2013 በፈረንሳይ ላይ በቀረበው የቪንተርስታይን ጉዳይ ደግሞ፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቦታ የኖሩ ቤተሰቦች እንዲነሡ ሲታዘዝ የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች እርምጃው ከዓላማው ጋር መመጣጠኑን ሳይመረምሩ በመቅረታቸው የቤትና የቤተሰብ ሕይወት መብት ተጥሷል ሲል ወስኗል። ለእናንተ የሚተርፈው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ፕላኑ ተጥሷል ብሎ ማረጋገጥ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ሌላው ግማሽ ነው። ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ይህ ምርመራ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር ደንቡ ያስገድድ።

ከሁሉ ይልቅ ጥብቅነት የሚያስፈልገው ደኅንነት ላይ ነው፤ የሚገርመው ብዙ ደንብ እዚህ ላይ ይላላል። የካራቫን ግድግዳ ቀጭን ነው፤ እሳት ከያዘው ለመውጫ ያለው ጊዜ አጭር ነው። እንግሊዝ በ2008 ለመኖሪያ ካራቫን ሥፍራዎች ያወጣችው ሞዴል መመዘኛ በካራቫኖች መካከል ስድስት ሜትር፣ ከሥፍራው ወሰን ሦስት ሜትር እንዲኖር የሚያዘው ለዚህ ነው። ለማብሰያና ለማሞቂያ የሚያገለግለው የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስስ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ካራቫን ከወለሉ የአየር መውጫ ቀዳዳ ይኖረዋል። ባለቤቶች ግን ብርድን ለመከላከልና ለማሳመር የካራቫኑን ሥር በጣውላ ወይም በብሎኬት ዙሪያውን ይዘጉታል። በአንድ ድርጊት ሁለት ጥፋት ይሠራሉ፤ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ካራቫኑም ከመሬት ጋር ተያይዞ ሕንፃ ነው ለሚል ክርክር ይጋለጣል። ሁለተኛውን የሚነግራቸው ተቆጣጣሪ አይጠፋም፤ የመጀመሪያውን ግን የሚነግራቸው የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ በባለሙያ የተሳበ መሆኑ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ መድረሻ፣ በኃይለኛ ነፋስ እንዳይገለበጥ የሚታሰርበት መልሕቅ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ማመልከቻው ላይ በመጀመሪያ የሚጠየቁ ይሁኑ። የጣሪያው ቀለም ኋላ ይደርሳል።

የሰው መሬት ተከራይተው ቤታቸውን ስላቆሙ ሰዎች በአጭሩ ልለፍ፤ ነገሩ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው ሲሆን ነዋሪው አቅመ ቢስ ነው፤ ስሙ ተንቀሳቃሽ ቢባልም ቤቱን አንሥቶ መሄድ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የእንግሊዝ የ1983 ሕግ ነዋሪው የጽሑፍ ውል እንዲያገኝና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይነሣ አድርጓል፤ ቤቱ ሲሸጥ የመሬቱ ባለቤት ሊወስድ የሚችለው ኮሚሽንም ከ10 በመቶ አይበልጥም። የግል ባለይዞታ መሬቱን ለካራቫን እንዲያከራይ የምትፈቅዱ ከሆነ፣ ፈቃዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥበቃ አብሮ ይግባ።

የምጠይቀው እንግዲህ የሚከተለውን ነው። ሕጉ ማስቀመጥን፣ ለጥቂት ጊዜ ማደርንና መኖርን ለያይቶ ይጻፍ። ለማስቀመጥ በራስ ግቢ ውስጥ ፈቃድ አይጠየቅ፤ ለማደር የቀን ቁጥር ይቀመጥለት፣ ቁጥሩም በደንቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይውጣ እንጂ በአባሪ ሠንጠረዥ ውስጥ አይደበቅ፤ ለመኖር ፈቃድ ይጠየቅ፣ ፈቃዱም በርቀት፣ በፍሳሽ፣ በእሳትና በመንገድ ይመዘን። ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚኖር ዘመድ በግቢው ካራቫን ቢያድር የተለየ ቤት እንደማይባል በግልጽ ይነገር፤ ለውጭ ሰው ማከራየት ግን ፈቃድ እንደሚጠይቅ እንዲሁ። ሻጮችም ካራቫኑን ሲሸጡ ገዢው ለሚያቆምበት ቦታ የተሰጠ መልስ እንዳለው እንዲጠይቁና ካልጠየቀ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያስታውሱት ግዴታ ይጣልባቸው፤ «የትም አቁመው፣ ተሽከርካሪ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሻጭ የኪሳራው ተካፋይ ይሁን።

የቅድሚያ መልሱን በሚመለከት ደግሞ ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፤ ካራቫኑ የት እንደሚቆም የሚያሳይ ንድፍ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ በዓመት ስንት ቀን፣ ውኃና መብራት ከየት እንደሚመጣ፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ከተጻፈበት ለውሳኔ በቂ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ አመልካቹ የከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ተመልሶለት ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ይግባኝ ሰሚው አካል ይተላለፍ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጉዳዩን በቅርብ የሚከታተል አንድ ባለይዞታ